የባሌ አውራ ጣትና የጎረቤታችን መሐላ

ባሌ ሻይ አይጠጣም። የሚጠጣው ስኳር ነው፤ ሻዩ ማወራረጃ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያ የእግሩ አውራ ጣት እስኪቆስል ድረስ ማለቴ ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ቅመምና ቡና እንሸጣለን። ከመተማ ተሻግረን የገባን ጊዜ ሙሽሮች ነበርን፤ ዛሬ በአማርኛ ጀምረው በዐረብኛ የሚጨርሱ የልጅ ልጆች አሉን። ሱቃችን ያለበት መደዳ እንደ አንድ ቤት ነው። በግራ የሱዳን ሰው፣ በቀኝ የሱዳን ሰው፣ ፊት ለፊት የእኛው አገር ሰው፣ ጥግ ላይ ከዛፉ ሥር ሻይ የምታፈላው ሴትዮ። ጠዋት የመጀመሪያው ገዢ ሳይመጣ ሉገይማት ይመጣል። በዘይት ተጠብሶ ያበጠ የሊጥ ድቡልቡል ነው፣ ላዩ ላይ ስኳር ይነሰነስበታል። ከእሱ ጋር ሻይ። የብርጭቆው ሲሶ ስኳር ነው፤ ማንኪያው ያለ ደጋፊ ይቆማል ብል ብዙም አልዋሸሁ። ረፋድ ላይ ፈጡሩ፣ ቁርሱ ማለት ነው፣ አለ፦ ፉል በሰሊጥ ዘይት ውስጥ እየዋኘ፣ ዳቦ ተከምሮ፣ መደዳው ሁሉ በአንድ ሳህን ዙሪያ። ከዚያ «ሆድ ያወርዳል» ተብሎ ቀዝቃዛ ለስላሳ። ከዚያ እንደገና ሻይ። ማታ ቤት ሲገባ ወገቡን ይዞ «ዛሬ እህል የሚባል አልቀመስኩም» ይለኛል። ኧረ በአላህ!

ባለፈው ኸሪፍ፣ ክረምቱን ማለቴ ነው፣ ባሱንዳ መንደር ደንበኛ ሊጠይቅ ሄዶ ጭቃ ለጭቃ ሲዞር ጫማው አውራ ጣቱን ፋቀው። ሌላ ሰው ቢሆን መንደሩን በጩኸት ያነሳው ነበር። እሱ ግን አልተሰማውም። ስኳሩ የእግሩን ስሜት በልቶት ኖሯል፤ እኛ የት አውቀን? እኔ ያወቅኩት ካልሲውን ሳጥብ ነው። ካልሲው ከቁስሉ ፈሳሽ የተነሳ ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። «እግርህን አምጣ» አልኩት። አየሁት፤ በዚያው ሰዓት እጁን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች ወጣት ናት። ከልጆቻችን የመጨረሻዋን ታክላለች፤ አነጋገሯ ግን የአያት ነው። የእጁን ጣት በመርፌ ወጋ አድርጋ ደሙን በትንሿ መሣሪያ ለካች፤ ቁጥሩን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ያ ዐሚ» አለችው፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ «ስኳርህ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ካልዳነ ጣቱን እንቆርጣለን። ጣቱ ላይ ከቆመ ደግሞ አላህን ታመሰግናለህ፣ እግር ድረስ የሚሄድ አለና። ክኒኑ ግማሽ ሥራ ይሠራል። ግማሹ ሥራ የአፍህ ነው።»

ባሌ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ዕለት ከሐኪም ቤት እስከ ቤታችን አንድ ቃል አልወጣውም። በሩ ላይ ስንደርስ ብቻ፣ «እንግዲህ ሰው ደግፎኝ ልሄድ ነው» አለ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ደህና ነኝ።

ቤቱን ገለባበጥኩት። የስኳሩን ጣሳ ለጎረቤት ሰጠሁ። ጥብሱን ተውኩ። የማሽላ እንጀራ በልክ፣ ምስር፣ ባሚያ፣ ከገበያ ደግሞ ጅርጅር የሚሉትን ምላስ የሚነክስ ቅጠል በእቅፍ እያመጣሁ ፊቱ ላይ ከመርኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍየል አደረግሽኝ እኮ!» አለኝ።

«ፍየል አራት እግር አላት። አንተ ሁለቱንም ጠብቅ» አልኩት።

ሳቀ። በላም። ክኒኑንም ሳያጓድል ዋጠ። ግን ሐኪሟ ዘንድ ስንመለስ ቁጥሩ ፈቅ አላለም። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ጊዜ መሬት አላየሁም፤ ባሌን አየሁት። እሱ መሬት አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በማግሥቱ ሳልነግረው ተከትዬው ገበያ ወረድኩ። የእኛን ሱቅ አልፌ ሻይ ሻጯ አጠገብ ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። ወዲያው የቀኝ ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው በብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ። ባሌ እጁን አውለበለበ፣ እግሩን አሳየ፣ «አልችልም፣ ሐኪም ከልክላኛለች» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ከልቡ ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ግን ደረቱን መታና «አለየ ጠላቅ ትጠጣታለህ!» አለው።

ሱዳን ያልኖረ ሰው ይህ ነገር አይገባውም። አንድ ወንድ «አለየ ጠላቅ» ካለ፣ «ይህን ባታደርግልኝ ሚስቴ ፈት ትሁን» ማለቱ ነው። እንግዳ እንዲበላ ይምላሉ፣ እንዲያድር ይምላሉ፣ የመኪና ሒሳብ ቀድመው ለመክፈል ይምላሉ። ሸይኾቹ ቢቆጡም ምላስ ለምዶት ይወጣል። ክፋት የለበትም፤ ቸርነት ነው፣ ፍቅር ነው። እና የእኔ ባል ምን ያድርግ? የሰው ትዳር በእሱ እምቢታ ይፍረስ? ጠጣ። ቀጥሎ ከዚያው መደዳ የሳሙና ነጋዴው መጣ፣ ማለ፤ ጠጣ። ቀጥሎ የሉገይማቱ ሳህን መጣ፣ ተማለበት። ለካ የመደዳውን ትዳር ሁሉ ተሸክሞ የኖረው የባሌ ሆድ ነው!

መጨረሻ ላይ ሐጂ ብቅ አለ። ሐጂ የግራ ጎረቤታችን፣ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። ግዙፍ ሰው፣ ጥምጣሙ ትልቅ፣ ሳቁ ከጥምጣሙ የበለጠ። ባሌን እንደ ወንድሙ ይወደዋል። ሁለት ብርጭቆ ይዞ፣ አንዱን ለባሌ ዘርግቶ ሊምል አፉን ሲከፍት እኔ ተነሳሁ።

«ሐጂ! እንዳትምል!»

ገበያው ዞረ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መካከላቸው ቆምኩ፤ ዐረብኛዬም አማርኛዬም ተደባልቆ ወጣ። «እናንተ ስትምሉ የእናንተ ሚስት አትፈታም፤ የእኔ ባል እግር ነው የሚቆረጠው! ማርም ሲበዛ ይመራል! ከወደዳችሁት ሁለት እግር ይዞ ይኑርላችሁ!» ብዬ ጎንበስ አልኩና ጫማውን አውልቄ ፋሻውን ፈታሁት። ባሌ በኀፍረት ዐይኑን ጨፈነ። ጣቱ ቀይም ጥቁርም ሆኖ ነበር።

ሐጂ ቁስሉን አየ። ሁለቱን ብርጭቆዎች ቀስ ብሎ መሬት ላይ ደፋ። ከዚያ ያን የሚያህል ድምፁን አወጣ፦

«አለየ ጠላቅ! የወንድሜ ጣት እስኪድን ድረስ እኔ ስኳር በአፌ አይገባም! ለእሱ ስኳር የሚሰጥ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ!»

ኤዲያ! እኔ የፈለግኩት እንዲተዉት ነበር። ሐጂ ግን ሲወድ በልክ አያውቅም። ሐጂ መሮት ሲጠጣ ማን አጠገቡ ተቀምጦ ጣፋጭ ያጣጥማል? ነውር ነው። የጨርቅ ነጋዴው ተወ፣ የሳሙና ነጋዴው ተወ፣ የእኛው አገር ሰውም «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እያለ ተወ። መደዳው በሙሉ በአንድ ጣት ምክንያት ጾም ገባ።

የሐጂ ሚስት ያን ቀን አመሻሽ ላይ ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ልብስ፣ እያጣፋች በሬን አንኳኳች። የተቆጣች መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። «የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ በሻይ ማንኪያ ልፈታ?»

«እውነት ነው።»

ሳቀች። ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በይ እንግዲህ ጠባቂው እኔ ነኝ» አለች። ወላሂ እንደሷ ያለ ዘበኛ አይቼ አላውቅም። በነጋታው ከሱቅ ሱቅ ዞራ «ባሌን ያጣፈጠ ቤቴን ያፈረሰ» ብላ አስጠነቀቀች። ማታ ማታ አፉን ታሸተዋለች። አንድ ቀን ተምር ይዞ አግኝታ «ተምር ስኳር ነው አይደለም?» ብላ ሸይኽ ዘንድ ወሰደችው። ሸይኹ ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ተምሩን ግን ለልጆች አከፋፈለችው።

የመጀመሪያው ሰሞን ጉድ ነበር። ራስ ምታት፣ ንትርክ፣ ኩርፊያ። የሳሙና ነጋዴው ከደንበኛ ጋር ተጣላ። ሻይ ሻጯ «ገበያዬን ገደላችሁት» ብላ ቀን ሙሉ አጉረመረመች፤ በኋላ ግን ዝንጅብልና ቀረፋ፣ ከእኛ ሱቅ ደግሞ ሄል እየወሰደች ታፈላላቸው ጀመር፣ ሽታው ከሩቅ ሰው ይጠራ ነበር። ፈጡሩም ተለወጠ። ፉሉ ዘይቱ ቀነሰ፣ በላዩ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ የእኔ ጅርጅር። የእኔ ፍየሎች በዙ። ቀስ በቀስ ሰዎቹ ከቀትር በኋላ ማንቀላፋት ተዉ፤ ከወንበራቸው ሳያቃስቱ ተነሱ። የባሌም ቁጥር ወረደ። ሐኪሟ መሣሪያዋን ሁለቴ አይታ ስትስቅ እልል ልል ነበር፤ ሐኪም ቤት ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ቀን ሐጂም አብሮን ነበር። ባሌ መርፌው ሲወጋው ተሸማቅቆ ነበር። ሐጂ «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ? ይኸው እኔን ውጊኝ!» ብሎ ያን ወፍራም ጣቱን ለሐኪሟ ዘረጋላት። ወጋችው፣ ለካች። ሳቋ ጠፋ። ተነስታ በሩን ዘጋች።

የሐጂ ስኳር፣ ከዚያ ሁሉ የመረረ ሻይ በኋላ እንኳ፣ ባሌ መጀመሪያ ከነበረው ይበልጥ ነበር።

«መሣሪያሽ ተበላሽቷል» አላት ሐጂ።

ሌላ መሣሪያ አምጥታ ለካች። ያው ነው።

«ይሄም ተበላሽቷል። እኔ በሕይወቴ ታምሜ አላውቅም፣ አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጥምጣሙን አስተካክሎ ተነሳ። ሐኪሟ ዓይኗን ወደኛ አዞረች። «ስኳር ባይተው ኖሮ እዚህ የሚገባው በቃሬዛ ነበር» አለችን ቀስ ብላ። «መተዉን ከተወ ደግሞ ያው ነው። ዐይን አለ፣ ኩላሊት አለ፣ ልብ አለ። እባካችሁ።» ክኒኑን ሚስቱ ትቀበላለች ተባለ፤ ተቀበለችም፣ እንደ ሕፃን እያስጎነጨች ታስውጠው ጀመር። ምላሱን ግን ማን ያስውጠው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሐጂ ደግሞ በሽታውን ከራሱ ነው የደበቀው።

ገበያ ሲመለስ ጮክ ብሎ ነገራቸው፦ ጣቱ የሚድንበት ቀን መሐላዬ ያበቃል፣ ያን ቀን ሰርግ ነው፣ የጣት ሰርግ! ከጣፋጭ ሻጩ በትልቅ ትሪ ባስቡሳ፣ በሽሮፕ የራሰውን ኬክ፣ አዝዣለሁ፣ ሻዩን ደግሞ በብርጭቆ ሳይሆን በባልዲ እጠጣዋለሁ አለ። መደዳው አጨበጨበ። ባሌ አላጨበጨበም።

ከዚያ በኋላ ባሌ ፀባዩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ቁስሉን የማጥበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን «ተይው፣ ራሴ አጥበዋለሁ» አለኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። በር ዘግቶ ይቀመጥና ፋሻውን ይጠቀልላል፤ ስጠጋ እግሩን ይሸሽጋል። «እንዴት ነው?» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ይለኛል። ሰው የባሰበት ጊዜም እኮ አልሐምዱሊላህ ይላል። ጣቱ ጠቁሮ፣ እንዳልጨነቅ ብሎ የሚደብቀኝ መሰለኝ። እህል አልወርድ አለኝ። ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ማሊኪ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ምንም» ብዬ ዘጋሁት። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ሊቆረጥ ነው ማለት ነው፣ አልኩ ለራሴ።

በመጨረሻ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

«አንተ ሰውዬ! እግርህን አምጣ!»

«ምን ሆነሻል?»

«እግርህን!»

ያዝኩት። ፋሻውን ጎተትኩት። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ሌላ... ጣቱ ወጣ። ገላጣ፣ ለስላሳ፣ ሮዝ ያለ አዲስ ቆዳ። የሕፃን ጣት! እልልታዬ ገና ከጉሮሮዬ ሲነሳ ባሌ አፌን በመዳፉ ከደነው።

«ዝም በይ፣ ሐጂ ይሰማል!»

«ቢሰማስ? ዳንክ እኮ! መቼ ነው የዳነው?»

«ቆየ።»

አንስቼ ጫማ ልወረውርበት ነበር። «እኔ እህል ሳይወርድልኝ! እኔ እንባዬን እያፈሰስኩ! አንተ ደህና ጣት ጠቅልለህ ታነክሳለህ?»

«ስሚኝ» አለ። እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ዳነ ያልኩ ቀን ያ ትሪ ይመጣል። ሐጂ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ትሪውን ብቻውን ይጨርሰዋል፤ በማግሥቱም እንደ ድሮው ይቀጥላል። ለእኔ እግር ብሎ ሚስቱን አስይዞ ማለ። እኔ ለእሱ ሕይወት ፋሻ አልታሰርም? አንካሳ ይበሉኝ። እሱ ራሱ ስኳሩን እስኪረሳው ድረስ አላወልቀውም።»

ተቀመጥኩ። ሆድ አምላኩ ያልኩት ሰው ነው ይህ! ከስኳር በስተቀር የሚወደው የለም ብዬ ስሰድበው የኖርኩት! ተነሳሁና ሳሙና፣ ውሃና ንጹሕ ፋሻ አመጣሁ። ጣቱን አጠብኩት፣ ሳምኩት፣ ከድሮው አወፍሬ ጠቀለልኩት።

«ውሸት አይሆንብንም?» አልኩት።

«የጠየቀኝን ሁሉ አልሐምዱሊላህ እለዋለሁ። ይህ ውሸት ነው?»

«እሺ። ግን ትናንት ያነከስከው በግራ ነው። ቁስሉ የቀኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሆነን ደበቅነው። ወላሂ፣ ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን የሳቅኩበት ጊዜ የለም። ጠዋት በር ላይ ማነከስ አስተምረዋለሁ። ሐጂ «ጣቱ እንዴት አደረ?» ብሎ ሲመጣ ባሌ ፊቱን ያጨፈግጋል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን እነክሳለሁ። ሐኪሟ ምስጢሩን ታውቃለች፤ ሐጂን ስትለካው ቁጥሩን በጣቷ እያሳየች ወርዷል ትለናለች። የጣፋጭ ሻጩ ብቻ «የዚህ ሰውዬ ጣት ምን ዓይነት ጣት ነው?» እያለ አማረረ። ሐጂም መቀነቱን አጠበበ። ሰሊጥ ሊገዛ ቁረይሻ ገጠር ሄዶ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ዞሮ ሲመለስ አላለከለከም። «መሣሪያው ተበላሽቷል» ማለቱን ግን አልተወም።

አንድ ጁምዓ ሐጂና ሚስቱ ቤታችን ምሳ በሉ። ባሌ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ከምሳ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ወተት በቀረፋ አፍልቼ፣ ሻይ ቅጠል ጨምሬ፣ ያለ ስኳር ቀዳሁ። ሐጂ አንድ ጊዜ ፉት አለ። ዐይኑ ፈጠጠ። ብርጭቆውን እንደ እሳት አስቀመጠው።

«ያ ኡኽቲ! ምን አደረግሽኝ? ስኳር ጨምረሽበታል! ሚስቴን አስፈታሽኝ!»

ሚስቱ ብድግ አለች። ብርጭቆውን ነጥቃ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። «ምንም የለበትም» አለች።

«ወላሂ ጠብታ የለበትም» አልኩ እኔም። «ወተት ነው። ቀረፋ ነው።»

ሐጂ ብርጭቆውን መልሶ ያዘ። በዝግታ ፉት አለ፤ ምላሱ ላይ አቆየው፤ ዋጠው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ወተት እንዲህ ይጣፍጥ ነበር እንዴ?» አለ።

«ድሮም» አልኩት።

እስከ ታች ጠጣው። ብርጭቆውን አፍንጫው ስር አድርጎ አሸተተው። ከዚያ ዘረጋልኝ፤ «እንዲሁ ድገሚልኝ፣ ምንም እንዳትጨምሪበት።»

እየቀዳሁ ባሌን አየሁት፤ ዐይኑ እንባ ሞልቷል፣ አፉ ግን ይስቃል። እግሩን ከትራሱ ላይ አወረደ። ሐጂና ሚስቱ እያዩት ወደ እኔ ዘረጋው።

«በይ» አለኝ፣ «ይህን ፋሻ አንሺልኝ።»